ምክንያቱ መንገድ ላይ ቀርቶ

ባለፈው ዓመት የማዋለጃ ክፍላችን ግድግዳ እንዲቀባ ተወሰነ። ቀለም ቀቢው መሰላሉንና መላጫውን ይዞ ገባ፤ ለመቀባት ከመድረሱ በፊት ግን ግማሽ ቀን ሲልጥ ዋለ። ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። የድሬዳዋ ሙቀት ፕላስተሩን አቅልጦ ቡናማ አድርጎታል፤ የወረቀቱን ጠርዝ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠቅልሎታል። ሰውየው እየላጠ ይከምርልናል። «ይህ ይፈለጋል?» ይላል ደጋግሞ። ጣለው ለማለት ማንም አልደፈረም፤ ማህተም ያለበት ነገር ነው።

ሰብሰብ ብለን ክምሩን ማገላበጥ ያዝን። ከሁሉ በላይ የነበረው ወረቀት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቆይ ይላል። ከሥሩ የነበረው፣ ፊደሉ የደበዘዘው፣ ልጁ ብቅ እንዳለ ወዲያው ቆንጥጦ መቁረጥን ያዛል። አንደኛው ደም እንዳይበዛ ማህፀን የሚያኮማትረው መርፌ ከተሰጠ በኋላም ማህፀኑ ሳያቋርጡ እንዲታሽ ይናገራል፤ ሌላው ይህን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ሁሉም «በጥብቅ ተግባራዊ እንዲደረግ» ይላሉ። ከበታቹ ያለው ወረቀት ለምን እንደ ተሻረ የሚናገር ግን አንድም አልነበረም።

ቀቢው ከመሰላሉ ወርዶ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዛቸው። «ባለቤቴ ሁለቱንም ልጆቼን እዚህ ነው የወለደችው» አለ። «አንዱን በዚህኛው፣ አንዱን በዚያኛው ነው ያዋለዳችኋት ማለት ነው። ለምን ተቀየረ?»

ሳቅን። አንዲት ባልደረባዬ «መመሪያ ስለተቀየረ ነው» አለችው። እሱም እንደ ጨዋ ሰው ዝም ብሎ መላጡን ቀጠለ። ሰውየው የጠየቀው ለምን ተቀየረ ብሎ ነው፤ የተመለሰለት ስለተቀየረ ተቀየረ ተብሎ ነው። ለዓመታት እርስ በርሳችንም የምንመላለሰው ይህንኑ ነበር።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ትምህርቴን ሐረር ጨርሼ ድሬዳዋ እሠራለሁ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለምና።

በሥልጠና ቋንቋችን «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር» የሚባል ነገር አለ። ይህን ስሰማ ልቤ የሚሄደው ወደ ቀበሌ ነው። ማስረጃ አምጪ። የነዋሪነት ማስረጃ፣ ያላገባች ስለመሆኗ ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃ። ክብ ማህተም፣ ከጎኑ ቲተር። ስለዚህ አንድ አሠራር «ማስረጃ አለው» ሲባል ዐይናችን የሚፈልገው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ካለ ነገሩ አለቀ። ቃሉን ግን ሥሩን ፈልፍለው ቢያዩት የተወለደው ከማስረዳት ነው። መጥረጊያ የሚጠርጉበት፣ መቁረጫ የሚቆርጡበት እንደሆነ ሁሉ ማስረጃ ሰውን የሚያስረዱበት ነው። እኛ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ሥራውን ረሳነው። አንድ ቦታ ተጠንቶ፣ ተመዝኖ፣ ተረጋግጦ የተገኘ ነገር ወደ እኛ ሲወርድ ትእዛዙ ይደርሳል፤ ምክንያቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ነገሮች እንደ ወረቀቱ ባልሆኑበት ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

አንድ እንዲህ ያለ ሌሊት ልንገራችሁ።

ወሩ ግንቦት ነው። ድሬን የኖረባት ግንቦትን ያውቀዋል፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል። አብራኝ ተረኛ የነበረችው በቅርቡ የተመረቀች አዋላጅ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ካርድ ስትሞላ አንዲት መስመር የማትዘል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር በባጃጅ የመጣች እናት ወለደች። አራተኛ ልጇ ነው። ልጁ አለቀሰ፤ መርፌው ተሰጣት፤ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት፣ ጭኗ ላይ። የእንግዴ ልጁም በሰላም ወጣ። ደሙ ግን አልቆም አለ። እንደ ኳስ መጠንከር የነበረበት ማህፀን እጄ ሥር እንደ ሊጥ ተልፈሰፈሰብኝ።

«መርፌውን ከየት ነው ያመጣሽው?» አልኳት።

«ከፍሪጅ» አለች።

አልዋሸችም። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ነው የታዘዘው፤ እሷም ከፍሪጅ ነው ያወጣችው። ፍሪጁ ግን ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አይቀዘቅዝም ነበር። በሩ ሲከፈት አምፖሉ ይበራል፤ ብርሃኑን ያየ ሁሉ ይሠራል ብሎ ይዘጋዋል። ለሳምንታት የመድኃኒት ቁም ሣጥን ሆኖ ከርሟል። ኦክሲቶሲን ሙቀት ላይ ሲከርም ኃይሉ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ሲደክም ግን አይደፈርስም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ብልቃጡን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያየ ሰው ጤነኛ መድኃኒት ነው የሚያየው።

በጩኸታችን ከአጠገባችን ካለው ክፍል አንጋፋዋ አዋላጅ ተነሥታ መጣች። ሁላችንም «ሲስተር» ብቻ ነው የምንላት፤ ስሟን ለመጥራት የሚደፍር የለም። ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ሽንቷን ሸንታለች?» የሚል ነበር። አልሸናችም። የሞላ ፊኛ ማህፀን እንዳይኮማተር እንደሚያደርግ ተምሬአለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር። ቀጥላ ሰማያዊዋን የክትባት ሣጥን አመጣች። ከክትባት ክፍል በለመነችው የበረዶ ከረጢት መካከል ስድስት ብልቃጥ ኦክሲቶሲን ተደርድሯል። ለካ ፍሪጁ ከተበላሸ ጀምሮ ማንም ሳያዛት በየተራዋ እንዲህ ስታደርግ ከርማለች። ሽንቷ ወጣ፣ ጉሉኮስ ተሰቀለ፣ ከቀዝቃዛው መድኃኒት ተሰጣት፣ ማህፀኗም ቀስ እያለ ጠነከረ። ጠዋት እህቷ በፔርሙዝ ያመጣችላትን አጥሚት ስትጠጣ አየኋት።

ጥፋቱን ሁሉ በፍሪጁ ላይ አልጭንም። መድኃኒቱ ጤነኛ ሆኖም ማህፀን እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ፊኛዋም ሞልቶ ነበር። ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። ወጣቷ ትእዛዙን ፈጽማለች፤ ሲስተር ደግሞ የትእዛዙን ምክንያት ፈጽማለች። ከየት እንዳወቀች ኋላ ጠየቅኳት። ከብዙ ዓመት በፊት ክትባት ያከፋፍል የነበረ ሰው፣ ሻይ ሲጠጡ፣ «ይህ መድኃኒት እንደ ክትባቱ ነው፤ ሙቀት ይገድለዋል፤ ሲሞት ግን አይሸትም» ብሏት ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሻይ ላይ የተነገረ። ሃያ ዓመት ቆየ።

ከዚህች ሴት ጋር ከዚያ ሌሊት ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ተጣልተን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ሥልጠና ሄጄ ነበር። ሥልጠና እንዴት እንደሚሆን የጤና ሰው ሁሉ ያውቃል። ደብዳቤ ይመጣል፤ ተራው የማን ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ ሥራው የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። አበሉ ለቤት ኪራይ የታሰበለት ሰው ይሄዳል። የሆቴል አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፣ ከሞጁል በላይ ሌላ ሞጁል። ተመልሰው ሲመጡ ባልደረባ የሚጠይቀው «ስንት ቀን ነበር? አበሉ ገባላችሁ?» ብሎ ነው። ምን ተማርሽ የሚል የለም። ሞጁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ፈቃድ ላይ ካለ ሰው ጋር ነው። ይህን ስጽፍ ከሌላው የተለየሁ መስዬ እንዳልታይ፣ እኔም የአንዱን ሥልጠና አበል ተቀብዬ የመጨረሻውን ቀን ከፊራ ገበያ ስዞር ውያለሁ።

የእትብቱን ሥልጠና ግን በደንብ ተከታትዬው ነበር። ስመለስ እሳት ልሼ ነው የመጣሁት። በማግስቱ ሲስተር ልታዋልድ ስትገባ ተከትያት ገባሁ። ልጁ ወጣ፤ እሷም በለመደችው ፍጥነት መቆንጠጫውን አነሣች። ተማሪዎች ቆመው እያዩ፣ እናትየዋ እየሰማች፣ «ሲስተር፣ ይህ ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው» አልኩ።

እጇ አልቆመም። ቆረጠች፤ ልጁን አደራረቀች፤ ለእናቱ ሰጠች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ፣ «እኔ ሥራ ስጀምር አንቺ ገና አልተወለድሽም» ብላኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለወራት እትብት በቶሎ ትቆርጥ ነበር፤ እኔ ባለሁበት ደግሞ ይበልጥ በቶሎ። እውነት ይዤ ሄጄ ስድብ አድርጌ አቀረብኩት፤ እሷም ስድቡን መለሰችልኝ።

የታረቅነው በቡና ነው። የአንዷ ባልደረባችን እናት ዐርፈው ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ በለቅሶ ቤት ኩርፊያ ነውር ነው። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ድፍረት አገኘሁና፣ «ሲስተር፣ ያን ቀን ባለጌ ነበርኩ። ነገሩን ግን ልንገርሽ» አልኳት። ልጁ ሲወለድ ከደሙ ከፊሉ ገና በእንግዴ ልጁ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። እትብቱ ካልተቆረጠ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ልጁ ያልፋል። የያዝኩትን ስኒ ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ ይህቺ ልክ ናት። 3 ኪሎ የሚመዝን አራስ በሰውነቱ የሚዞረው ደም በጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዚህች ስኒ ውስጥ ያለው ብረት በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ማነስን ይከላከልለታል። በቶሎ ስንቆርጥ ስኒዋን ከእንግዴ ልጁ ጋር እንጥላታለን።

ስኒውን ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አለችኝ። «አያቴ የገጠር አዋላጅ ነበረች። የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ እትብት አትቆርጥም ነበር። እኛ ነን ተምረን መጥተን ኋላ ቀር ያልናት።» ይህን ብላ አያቷን ልታሞግስ ነው ስል፣ «መቁረጫዋ ግን ያገኘችው ምላጭ ነበር፤ በመንጋጋ ቆልፍ የሞቱባትንም አውቃለሁ» ብላ ጨመረች። ሲስተርን የማከብራት እንዲህ ያለ ሚዛን ስላላት ነው።

ቀጥላ ጠየቀችኝ። «እሺ። እናትየዋ ብትደማስ? ልጁ ሳይተነፍስ ቢወጣስ? ቆሜ ሦስት ደቂቃ ልቁጠር?»

መልስ አልነበረኝም። አምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ በሰው ፊት ሰው አዋርጄ፣ ይህን አልጠየቅኩም ነበር። ሐረር በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ከድሬ ሐረር ደንገጎን ወጥተው 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የስልኩ መልስ በሦስት ደቂቃ መጣ። የምንጠብቀው እናትም ልጅም ደህና ሲሆኑ ነው። ልጁ ደርቆና ተቀስቅሶ ካልተነፈሰ፣ አየር የሚሰጠው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ቆርጠሽ ውሰጂው። እናትየዋ አደጋ ላይ ከሆነች ቅድሚያ ለእሷ ነው። ይህ ሁሉ ወረቀታችን ላይ አልነበረም፤ ወይም ነበረና ስናባዛው ተቆርጦ ቀርቷል። በማግስቱ ለሲስተር ነገርኳት። «እንዲህ ብትይኝ ኖሮ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትብት አትጣደፍም፤ ለተማሪዎችም የቡና ስኒዋን እንደ ራሷ ምሳሌ አድርጋ ታስረዳለች። አልከፋኝም። ጥቂት ብቻ ከፋኝ።

ግኝት ያለ ምክንያቱ ብቻ ሳይሆን ያለ ቅድመ ሁኔታውም ከሄደ ምን እንደሚያደርስ ለማየት የስቴሮይድ መርፌውን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ግርሃም ሊጊንስ የሚባል የኒውዚላንድ ሐኪም በጎች ላይ ምርምር ሲያደርግ፣ ስቴሮይድ ያገኘች፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ግልገል ከታሰበው በላይ ስትተነፍስ አገኛት፤ ሳንባዋ መከፈት ጀምሮ ነበር። ከባልደረባው ከሮስ ሀዊ ጋር ያለ ጊዜያቸው ሊወልዱ በተቃረቡ እናቶች ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተሙ። መርፌው የሕፃናቱን ሳንባ ያዘጋጃል። ሌሎችም ደጋግመው ሞከሩት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉባኤ ጠርተው በሰፊው እንዲሰጥ ምክር ያወጡት ግን በ1994 ነው፤ 22 ዓመት በኋላ። በእነዚህ ዓመታት የሞቱትን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ማን ይቆጥራቸዋል? በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን የተባለው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ማኅበር በዓርማው ላይ ያሉትን አግድም መስመሮች የወሰደው ከእነዚሁ ሙከራዎች ውጤት ነው። ማስረጃው ከሰባት ሙከራዎች ተገኝቶ ሰው ጋ አለመድረሱን ዓርማቸው ላይ ሳሉት።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ እኔም እንዲሁ እተርከው ነበር። ቀጣዩን የሰማሁት ኋላ ነው። መዘግየቱ ያሳፈራቸው ሰዎች መርፌውን በድሃ አገሮች እስከ ታችኛው ጤና ተቋም ለማድረስ ፈለጉ፤ በስድስት አገሮች ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ ከእነሱም ኬንያና ዛምቢያ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት አስደነገጠ። መርፌው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች የአራስ ሞት በአጠቃላይ ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ፤ በእናቶች ላይም የተጠረጠረ ኢንፌክሽን በዛ። መርፌውን ካገኙት ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው የሚወልዱ አልነበሩም፤ የእርግዝናው ዕድሜ በግምት ነበር የሚታወቀው። በ2020 ደግሞ በአምስት አገሮች፣ በ29 ሆስፒታሎች፣ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቶ፣ ያለ ጊዜው የተወለደን ልጅ መንከባከብ በሚቻልበት ቦታ ሲሰጥ ከ100 አራሶች የሚሞቱት ከ24 ገደማ ወደ 20 ገደማ ወረዱ። መርፌው የተለወጠ አይመስለኝም፤ አብሮት የተጓዘው ነገር ነው የተለየው። እኛ ጋ ይህ መርፌ ሲመጣ «ከ34 ሳምንት በታች ለሆነች እናት» ከሚል አንድ መስመር ጋር ነበር የመጣው። ከድሬ ዙሪያ ገጠር የምትመጣ እናት የመጨረሻ ወር አበባዋን ቀን ስትጠየቅ «አረፋ ሰሞን ነበር» ትላለች። የ34 ሳምንቱን ድንበር በአረፋ ልክ ማስመር እንደማይቻል በዚያ መስመር ላይ የጻፈልን የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ከተማ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ድሬዳዋ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በየግቢው በርሜል አለ፤ ሮቶ ያለው ሮቶ፣ የሌለው ጄሪካን ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ ትኩሳት ከተማችን ሲገባ፣ በአገሪቱ የተረጋገጠ የመጀመሪያው ወረርሽኝ ነበር፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ተኛ። እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ከዚያ በ2022፣ በበጋው፣ ወባ መጣ። ከጥር እስከ ሐምሌ ድረስ ከ2,400 በላይ ሰው። በከተማ መሀል፣ ዝናብ በሌለበት። ያመጣችው ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያና ከዐረብ አገር በኩል የዘለቀች የወባ ትንኝ ናት፤ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። እሷም የምትወደው ረግረግ አይደለም። የኛኑ በርሜል ነው። ሦስት ወረርሽኝ፣ አንድ በርሜል።

በዚያ ሰሞን አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ትኩሳት ይዟት መጣች። በፈጣን መመርመሪያው ታየች፤ ወባ የለም ተባለ። እኔም «በበጋ ወባ ከየት ይመጣል» ብዬ ልሸኛት ነበር፤ ይህንንም የተማርኩት ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ ግን ካርዱን ይዞ ተመልሶ መጣ። «ይህች ካሴት የምትፈልገው የወባው ተሕዋስ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው» አለኝ። «ፕሮቲኑን መሥራት የተወ የወባ ዓይነት አለ። ካሴቷ እሱን አታየውም። ደሟን በማይክሮስኮፕ ልየው።» አየው፤ ነበረባት። ማን እንደ ነገረው አልጠየቅኩትም። «ኔጌቲቭ ከሆነ ድገም» የሚል ትእዛዝ ብቻ ቢሰጠው ኖሮ፣ ኮሪደሩ ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ በነበረበት በዚያ ቀን የሚደግመው አይመስለኝም።

የዚያን ወረርሽኝ ጥናት ተመራማሪዎች እዚሁ፣ ከታመሙ ሰዎች ቤት ቤት እየዞሩ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት አወጡት። ትንኟ፣ በርሜሉ፣ መመርመሪያውን የሚያመልጠው የወባ ዓይነት፣ ለመድኃኒት የሚያስቸግረው ሁሉ እዚያ አለ። ደሙ የኛ ሰው፣ ትንኟ የኛ ግቢ፣ ከተማው የኛ። እኔ ግን ያነበብኩት ከታተመ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያው የሐረሩ ጓደኛዬ ስለላከልኝ ነው። ብዙ እውቀት ከዚሁ ነው የሚቀዳው፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቀርሳ ወረዳ ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። የተቀዳው ግን ባሕር ተሻግሮ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተመልሶ ሲመጣ ትንኟ ቀድማን ትደርሳለች። በዚያ ዓመት ለሰፈሩ የተሰጠው ምክር ምን እንደነበር አስታውሳለሁ፤ «ያቆረ ውኃ አፍስሱ።» ያቆረ ውኃ ሲባል የድሬ ሰው የሚያየው የመንገድ ዳር ኩሬ ነው፤ በበጋ ደግሞ ኩሬ የለም። በአራት ቀን አንዴ የሚመጣውን፣ ልጅ አሰልፎ ያጠራቀመውን ውኃ «ያቆረ» ብሎ የሚያፈስ ሰው የለም። ክደኑ ነበር መባል የነበረበት። ትንኟ በርሜላችሁ ውስጥ ነች ቢባል ከድኖ የሚያድር ብዙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሠራነው ነገር ትንሽ ነው፤ ልክም ላይሆን ይችላል። ሐሙስ ጠዋት ከርክክብ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቡና ይፈላል። አንድ ነጠላ መስመር ደብተር አለን፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ግራ የገባውን ይጽፍበታል። ሥልጠና ሄዶ የመጣ ሰው ስለ ሆቴሉ ከማውራቱ በፊት ደብተሩን ይከፍታል። ወረቀት ማንበብ ክልክል ነው፤ በአማርኛ፣ እንደ ሰው፣ ለምን እንደሆነ መናገር ነው። ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በእንግሊዝኛ የምናውቀው የሚመስለን ብዙ ነገር በአማርኛ ስንናገረው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኦሮምኛ ለሚናገሩ እናቶች የሚያስረዳው ባልደረባችን ደግሞ ሌላ ወንፊት ነው፤ እሱ ካልገባው ነገሩ ገና አልበሰለም እንላለን።

ደብተሩ ውስጥ ካሉት አንዱ፦ «ደም የሚያቆመው ትራኔክሳሚክ አሲድ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይላል። ሦስት ሰዓቱ ከወለደችበት ነው ወይስ መድማቷ ከታወቀበት?» የጻፈችው ያቺ ቀልጣፋዋ ወጣት ናት። መልሱ ከወለደችበት ነው። መድኃኒቱ በ21 አገሮች 20 ሺህ በሚሆኑ እናቶች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ጥቅሙ አልታየም፤ ስለዚህ እቤቷ ወልዳ የመጣችን እናት መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ሰዓት ወለድሽ ብለን ነው። ከጥያቄው በፊት አንዳችንም እንዲህ አናደርግም ነበር።

ቡናው ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። አንዴ ኃላፊ ሲቀየር፣ አንዴ ስኳር ሲወደድ። በረመዳን ጊዜውን ወደ ሌላ ሰዓት ማዞር አለብን ብለን ተከራክረን ሳንስማማ ወሩ አለቀ። አንዳንድ ሐሙስ ሁለት ሰው ብቻ እንሆናለን፤ ሲስተር ሁልጊዜ ካሉት አንዷ ናት።

ግድግዳው አሁን ነጭ ነው። አዲስ ወረቀት ለመለጠፍ የደፈረ እስካሁን የለም፤ ቀለሙ ያሳዝናል ይሉኛል። የተላጡትን በካርቶን አድርገን ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠናቸዋል።

ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ስከፍት የሌሊቱ ተረኛ እንዲህ ጽፋ አገኘሁ፦ «ሙቀት የሚችል፣ ፍሪጅ የማይፈልግ የኦክሲቶሲን ወንድም አለ ይባላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ከማንም በፊት ድሬ አልነበረም መምጣት ያለበት?» እውነት ነው፤ ካርቤቶሲን ይባላል፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በ30 ሺህ ገደማ እናቶች ላይ ተፈትኖ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታይቷል። ይህን ጻፍኩላት። ሁለተኛውን ጥያቄ ባዶ ተውኩት። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «የዚህ ሐሙስ ስኳር ተራ የማን ነው?» ይላል።